የሆሚዮፓቲ ፍሬዎች ለሕፃን ይሰጣሉ? የምታውቁ ንገሩኝ

የማክቤል_እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድ ልጄ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ድዱ አብጧል፣ ለሃጩ አያቋርጥም፣ ሌሊት እየተነሳ ይነጫነጫል። ጥርስ እየመጣ ነው መሰለኝ። ልጁን የምትይዝልኝ ሴት አዝናልኝ ሁለት ነገር ገዝታ መጣች። አንደኛው ሰማያዊ ቱቦ ነው። ውስጡ ቁንዶ በርበሬ የሚያክሉ ነጫጭ ፍሬዎች አሉ። ላዩ ላይ «ካሞሚላ 30ሲ» ይላል። ሁለተኛው በኢንተርኔት ከሌላ አገር ያስመጣችው ጠርሙስ ነው። «ለጥርስ ማብቀያ» ይልና ከስሩ በደቃቅ ጽሑፍ «ቤላዶና 3ኤክስ» የሚል አለበት።

«ሁለቱም ሆሚዮፓቲ ናቸው፣ ተፈጥሯዊ ናቸው፣ ምንም አይጎዱም» ትላለች። እስካሁን አንዱንም አልሰጠሁትም። እናቴ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ደውላ «ግግ እንዳይሆን፣ አሳይው» ትለኛለች። የቱቦው መመሪያ 5 ፍሬ ከምላስ ስር ይላል። የሰባት ወር ልጅ ከምላሱ ስር እንዴት አድርጎ ይይዛል? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ብርቱካን_ዲሲ

እህቴ አይዞሽ። ለእኔ ልጅ ሰማያዊውን ሰጥቻት ምንም አልሆነችም። አንድ ሁለት ቀን ቆይታ ተሻላት። ሌላውን ግን አላውቀውም።

ፋርማሲስቱ_ቨርጂኒያ

የማክቤል እናት፣ ሳትሰጪው መጠየቅሽ በጣም ጥሩ ነው። ሆሚዮፓቲ ማለት መነሻውን ዕፅ ደጋግሞ በማቅጠን የሚዘጋጅ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ስም ይያዙ እንጂ አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ያለው ከቁጥሩ ጎን ባለችው ፊደል ነው።

«ሲ» ማለት አንድ እጅ መነሻ በ99 እጅ ውሃ ወይም አልኮል ይበጠበጣል ማለት ነው። ከዚያ አንድ እጅ ተወስዶ እንደገና በ99 ይበጠበጣል። ይህ 30 ጊዜ ሲደጋገም 30ሲ ይባላል። ገና በ12ኛው ዙር አካባቢ ከመነሻው ዕፅ አንድ ሞለኪውል እንኳ የመገኘቱ ነገር ያበቃለታል። በመጨረሻ ያ ፈሳሽ ስኳር ፍሬ ላይ ይረጭና ይደርቃል። ስለዚህ በሰማያዊው ቱቦ ውስጥ ያለው በተግባር ስኳር ነው፦ ሱክሮስና ላክቶስ። ቱቦው በሙሉ 80 ፍሬ ገደማ፣ 4 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው።

«ኤክስ» ግን በ10 በ10 ነው የሚቀጥነው። አውሮፓ ውስጥ «ዲ» ብለው ይጽፉታል። 3ኤክስ ማለት ከአንድ ሺህ አንድ እጅ ነው። ይህ ባዶ ስኳር አይደለም። በውስጡ የሚለካ ነገር አለ። ቤላዶና ደግሞ መርዛማ ተክል ነው። አገር ቤት አስተናግርን የማያውቅ የለም። ልጆች ፍሬውን በልተው ሲቃዡ፣ ፊታቸው ሲቀላ፣ አፋቸው ሲደርቅ ያየ ሰው ይኖራል። ሁለቱ ተክሎች የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ መርዛቸውም ተመሳሳይ ነው፦ አትሮፒንና ስኮፖላሚን።

ይህ በወሬ ደረጃ ያለ ስጋት አይደለም። ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ሃይላንድስ የጥርስ ማብቀያ ኪኒን አስጠነቀቀ። በ2016 እንደገና ወላጆችን «የሆሚዮፓቲ የጥርስ ማብቀያ ኪኒንና ጄል አትስጡ፣ ቤት ያለውንም ጣሉ» አለ። በዚያን ጊዜ ባለፉት ዓመታት ከ400 በላይ የጉዳት ሪፖርት እንደደረሰው፣ ስለ 10 ሕፃናት ሞትም እንደሚያውቅ ገልጿል። ሞቱ በኪኒኑ ምክንያት መሆኑ ግን አልተረጋገጠም፣ ይህንንም ራሱ ተናግሯል። በጥር 2017 የላቦራቶሪ ውጤቱ ወጣ። በአንዳንዶቹ ኪኒኖች ውስጥ የቤላዶናው መጠን አንዱ ከአንዱ የተለያየ ነበር፣ አንዳንዴም ሌብሉ ላይ ከተጻፈው እጅግ ይበልጥ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ አምራቹ ከገበያ ሰበሰበው።

ነገሩን ልብ በይው። ሌብሉ ትክክል ቢሆን እንኳ የዛሬዋ ፍሬና የነገዋ ፍሬ እኩል መሆናቸውን አታውቂም። ሰባት ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጠርሙሱን አትስጪው። ከሌላው መድኃኒት ለይተሽ፣ ልጅ በማይደርስበት አስቀምጪና ለሐኪሙ አሳይው፣ ከዚያ ይጣላል። ሰማያዊውም ቢሆን በፍሬው ለሕፃን አይሰጥም፣ ሊያንቀው ይችላል። አምራቾቹ ራሳቸው ለትንንሽ ልጆች በውሃ ይሟሟ ይላሉ። እኔ ግን የሚሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

የማክቤል_እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠርሙሱን ከላይኛው ቁም ሳጥን አስገባሁት። አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጄን የምትይዘው ሴት ሳላውቅ ሰጥታው ቢሆንስ? አልሰጠሁም ትላለች፣ አምናታለሁም። ግን ምን ምልክት ልይ?

ፋርማሲስቱ_ቨርጂኒያ

ኤፍዲኤ የዘረዘራቸው እነዚህ ናቸው፦ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ወይም መፍዘዝ፣ የጡንቻ መላላት፣ የቆዳ መቅላት፣ ሆድ ድርቀት፣ ሽንት እምቢ ማለት፣ መቁነጥነጥ። ልጁ ካንቀጠቀጠው፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ በቀጥታ 911።

ምልክት ባይኖርም መውሰዱን ከጠረጠርሽ የመርዝ መረጃ ማዕከሉ 1-800-222-1222 ነው። ነጻ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ብለሽ ጠይቂ፣ በአስተርጓሚ ያነጋግሩሻል። ስትደውይ ጠርሙሱ እጅሽ ላይ ይሁን። ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ፊደሉን ታነቢላቸዋለሽ። የልጁን ክብደትም ይጠይቁሻል። በጣት ወይም በጨው ውሃ ልታስመልሺው አትሞክሪ።

ሲስተር_ሕፃናት_ክፍል

ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን ጨርሶልናል። እኔ ስለ ግግ ልናገር፣ ምክንያቱም ልቤን የሚያመኝ እሱ ነው።

እናትሽ በክፋት እንዳላሉሽ አውቃለሁ። ባደጉበት አካባቢ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይበጣል፣ ገና ያልወጣው ጥርስ በስለት ወይም በሽቦ ተፈልፍሎ ይወጣል። ድዱ ውስጥ ያ ነጭ ነገር ሲታይ «ትል ነው» ይባላል። ትል አይደለም። የልጁ የወተት ጥርስ ቡቃያ ነው። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም አብሮ ይጎዳል። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በስለቱ ኤች አይ ቪም ሄፓታይተስም ሊተላለፍ ይችላል። ጤና ሚኒስቴር እንጥል ከማስቆረጥ ጋር ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ብሎ ሲታገለው የኖረ ነገር ነው።

ይህን እዚህ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ግግና የጥርስ ማብቀያው ኪኒን የሚነሱት ከአንድ ሐሳብ ነው፦ «ልጁን ያመመው ጥርሱ ነው» ከሚለው። ጥርስ ማብቀል ለሃጭ ያመጣል፣ ድድ ያሳብጣል፣ ያነጫንጫል፣ ሙቀቱንም ትንሽ ከፍ ያደርገው ይሆናል። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ግን አያመጣም። ተቅማጥም ትውከትም አያመጣም። እነዚህ ካሉ ሌላ በሽታ አለ ማለት ነው፣ እሱ ይፈለግ። ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

ለድዱ የምታደርጊው ቀላል ነው። እጅሽን ታጥበሽ በጣትሽ ድዱን ጫን ጫን እያደረግሽ እሺው። ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ወይም የጎማ ቀለበት ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘሽ ያኝክ። በረዶ የሆነ ግን አይሁን፣ ድዱን ይጎዳዋል። የሚያደነዝዝ ጄል፣ ቤንዞኬይን ያለበት፣ ከሁለት ዓመት በታች ክልክል ነው፣ የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ሊያውክ ይችላል። ማር መቀባትም ይቅር፣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር አይቀምስም። ከአምበር፣ ማለትም ከደረቀ የዛፍ ሙጫ፣ የሚሠራው የአንገት ሐብልም እንዲሁ ይቅር፣ ልጅ አንቆ ገድሏል። በጣም ካመመው ሐኪሙ በክብደቱ ልክ የታይሌኖል (ፓራሲታሞል) መጠን ይነግርሻል።

የማክቤል_እናት

ሲስተር፣ እጅሽን ይባርከው። ለእናቴ ይህንኑ አነበብኩላት። «ትል አይደለም» ያልሽው ላይ ዝም አለችና «ለጎረቤታችንም ንገሪልኝ፣ ሕፃን አላት» አለችኝ።

ዳዊት_ፍራንክፈርት

ሰላም ወገኖች። እኔ ትንሽ በሌላ በኩል ልናገር። እዚህ ጀርመን ግሎቡሊ ይሉታል፣ የሚሸጠውም መድኃኒት ቤት ብቻ ነው። የሕፃናት ሐኪማችን ራሷ ለልጆቼ ለጉንፋን ታዝዝላቸዋለች። ይሻላቸዋል። ሰው በዓይኑ ያየውን እንዴት ስኳር ነው ይባላል?

ፋርማሲስቱ_ቨርጂኒያ

ወንድሜ ዳዊት፣ ልጆችህ እንደተሻላቸው አምናለሁ። የምንለያየው ያሻላቸው ምን ነው በሚለው ላይ ነው። ጉንፋን መድኃኒት ተወሰደም አልተወሰደም በሳምንት ዐሥር ቀን ውስጥ ይለቃል። ወላጅ ደግሞ መድኃኒት የሚሰጠው ልጁ በጣም በባሰበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ወደ መሻል ነው። ስለዚህ ፍሬው ምስጋናውን ይወስዳል።

ይህን ለመለየት ነው ፍተሻ የሚደረገው፦ ግማሹ ሰው እውነተኛውን፣ ግማሹ ባዶ ስኳሩን፣ ማን የትኛውን እንደወሰደ ሳይታወቅ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና ሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. እነዚህን ጥናቶች ሰብስቦ መረመረ። ሆሚዮፓቲ እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ ያለበት አንድም የጤና ችግር የለም ብሎ ደመደመ። ኤንኤችኤስ የሚባለው የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት በ2017 ሐኪሞች ማዘዙን እንዲያቆሙ መከረ። ፈረንሳይ፣ ትልቁ አምራች ቧሮን የሚገኝባት አገር፣ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ የጤና መድን ገንዘብ እንዳይከፍልበት አደረገች።

መድኃኒት ቤት መሸጡ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ጀርመን ውስጥ ሆሚዮፓቲ ሲመዘገብ ልክ እንደ ሌላው መድኃኒት «ይሠራል» የሚለውን ማሳየት አይጠበቅበትም። አሜሪካም ቢሆን ኤፍዲኤ ያጸደቀው አንድም የሆሚዮፓቲ ምርት የለም። ቱቦውን አዙረህ ብታይ «በተለምዶ አሠራር እንጂ ተቀባይነት ባለው የሕክምና ማስረጃ ላይ የተመሠረተ አይደለም» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ታገኛለህ።

ለጉንፋን 30ሲ ብትሰጣቸው አልጣላህም። ግን ሦስት ነገር እለምንሃለሁ። የጆሮ ሕመም፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ችግር ሲመጣ በፍሬ አትጠብቅ። በ2017 ጣሊያን ውስጥ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ የጆሮ ኢንፌክሽኑ በሆሚዮፓቲ ብቻ ሲታከም ቆይቶ ወደ አንጎሉ ገብቶ ሞተ። በአንቲባዮቲክ የሚድን በሽታ ነበር። ሁለተኛ፣ ሕመሙ ሲብስ «መድኃኒቱ መሥራቱ ነው» ይሉሃል፣ አትቀበል። የባሰበት ልጅ የባሰበት ልጅ ነው። ሦስተኛ፣ በክትባት ፈንታ የሚሰጥ ፍሬ አለ ቢሉህ የለም። ኩፍኝን የሚከላከል የስኳር ፍሬ የለም።

ዳዊት_ፍራንክፈርት

ስለ ጣሊያኑ ልጅ አላውቅም ነበር። ነፍሱን ይማር። የጆሮውን ነገር ለባለቤቴ አሁኑኑ ነው የምነግራት፣ ትንሿ ልጃችን ጆሮዋን ቶሎ ቶሎ ያማታል።

እማማ_አልማዝ (አሌክሳንድሪያ)

ልጆቼ፣ እኔም ልጠይቅ። ጉልበቴን ያመኛል። ጎረቤቴ አርኒካ 30ሲ የሚባል ሰጠችኝ። ስኳር በሽታ አለብኝ፣ ደም ግፊትም አለብኝ፣ ለሁለቱም መድኃኒት እወስዳለሁ። ፍሬው በእጅ አይነካም፣ ቡናም አይጠጣበትም አለችኝ። ቡና ትቼማ እንዴት እውላለሁ? ደግሞ ጾም ላይ ነኝ። ልጄ አንብባ «ወተት አለበት» አለችኝ።

ፋርማሲስቱ_ቨርጂኒያ

እማማ አልማዝ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቡናዎን ይጠጡ። ቡናና ሜንታ «ኃይሉን ያጠፉታል» የሚለው የሆሚዮፓቲ ባለሙያዎች የቆየ ትእዛዝ ነው እንጂ በሕክምና የተረጋገጠ ምክንያት የለውም። በእጅ አለመንካቱ ግን ለንጽሕና አይከፋም። ቱቦውን ገልብጠው ክዳኑን ሲያሽከረክሩት ፍሬዎቹ ክዳኑ ውስጥ ይወድቃሉ፣ ከክዳኑ ወደ አፍ ነው።

ስኳሩን በተመለከተ፣ 5 ፍሬ ሩብ ግራም ገደማ ነው። የደም ስኳርዎን የሚያናጋ መጠን አይደለም። ቀኑን ሙሉ መላልሰው የሚወስዱ ከሆነ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ። ልጅዎ ያነበበችው ላክቶስ ነው፣ ልክ ናት፣ ከወተት የሚወጣ ስኳር ነው። ወተት የማይስማማው ሰው በዚህ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። የጾሙ ነገር የንስሐ አባትዎ ነው። የሐኪም መድኃኒቶችም ብዙዎቹ ላክቶስ አላቸው፣ እነሱን ግን ለጾም ብለው እንዳያቋርጡ አደራ።

የምፈራልዎት ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን «ይሄ ተፈጥሯዊው ተስማምቶኛል፣ የግፊቱን ልተወው» እንዳይሉ። የግፊትም የስኳርም መድኃኒት በፍሬ አይተካም። ሲቋረጥ ወዲያው ላይሰማዎት ይችላል፣ ጉዳቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ጉልበትዎ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ወይም ድንገት መርገጥ ካቃተዎት ይታዩ። በሱፐርማርኬት «የመገጣጠሚያ» ተብሎ የሚሸጠውንም ሳያሳዩ አይግዙ። ፊት ለፊቱ ሆሚዮፓቲ ይልና ውስጡ በኤክስ የተጻፉ ብዙ ነገሮች የተቀላቀሉበት አለ። የሚወስዱትን ሁሉ፣ ፍሬውንም፣ ዳማከሴውንም፣ በአንድ ከረጢት ይዘው ቀጠሮዎ ላይ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ይዘርግፉት።

እማማ_አልማዝ (አሌክሳንድሪያ)

ተባረክ ልጄ። ከረጢቱን ዛሬውኑ አዘጋጃለሁ። ቡናውን ስለተውክልኝ በተለይ ተባረክ።

ኑርሁሴን_ለንደን

አንድ ነገር ልጨምር። በጠብታ መልክ የሚሸጠው ሆሚዮፓቲ ብዙ ጊዜ አልኮል አለው። ለሙስሊም ወገኖቼም፣ ልጅ ላላችሁም፣ መጠጥ ትታችሁ ላላችሁም፣ ጠርሙሱን አንብቡ።

የጋምቤላ_ልጅ (ሚኔሶታ)

ክሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። በመስከረም መጨረሻ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ጋምቤላ ቤተሰብ ልንጠይቅ ነው። ልጆቹ እዚህ ነው የተወለዱት። የባለቤቴ ጓደኛ «ለወባ ቻይና 30ሲ ውሰዱ፣ የሐኪሙ ያስቀዣል» አለቻት። ባለቤቴ አምናለች። ምን ልበላት?

ፋርማሲስቱ_ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አላለዝብም። አትውሰዱት። በዚህ ክር ላይ ከተነሳው ሁሉ ሰው በቀላሉ ሊገድል የሚችለው ይህ ነው።

«ቻይና» የሚሉት የሲንኮና ዛፍ ልጥ ነው፣ ኩዊኒን የሚወጣበት። የሆሚዮፓቲ መሥራች የሆነው ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን በ1790 እ.ኤ.አ. ይህንን ልጥ ራሱ ላይ ሞክሮ ነው ሐሳቡን የጀመረው። ልጡ ብዙ ኩዊኒን ስላለው እውነተኛ መድኃኒት ነበር። 30ሲ ሲሆን ግን ኩዊኒኑ የለም። ለባለቤትህ ይህን ንገራት፦ መድኃኒቱ በሙሉ ወጥቶ ስሙ ብቻ የቀረበት ነው።

በ2006 ለንደን ውስጥ ጋዜጠኞች ወደ አፍሪካ እንደሚሄድ ተጓዥ ሆነው ወደ ሆሚዮፓቲ ባለሙያዎች ሄዱ። ብዙዎቹ በመደበኛው የወባ መከላከያ ፈንታ ፍሬውን መከሩዋቸው። የትሮፒካል በሽታዎች ሐኪሞችም በዚህ ተማምነው ሄደው ወባ ይዟቸው የመጡ ሰዎችን ማከማቸውን ተናገሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 ለወባ፣ ለቲቢ፣ ለኤች አይ ቪና ለሕፃናት ተቅማጥ ሆሚዮፓቲ እንዳይውል አስጠንቅቋል።

አንተ ጋምቤላ ስላደግህ ወባን ተቋቁመህ ኖረህ ይሆናል። ያ መቋቋም ውጭ አገር ስትቆይ ይደክማል። ልጆችህ ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። መስከረምና ጥቅምት ከዝናቡ በኋላ ዋናው የወባ ወቅት ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚያድናት ችግር የለም፣ ጋምቤላ ግን ቆላ ነው።

ሲስተር_ሕፃናት_ክፍል

«የሐኪሙ ያስቀዣል» የምትለው ሜፍሎኩዊን የሚባለውን ሰምታ ነው። እውነት ነው፣ አንዳንድ ሰው ላይ ቅዠትና ጭንቀት ያመጣል። ግን ብቸኛው ምርጫ እሱ አይደለም። አቶቫኩዎን ከፕሮጓኒል ጋር ያለው አለ፣ ማላሮን እየተባለ የሚታወቀው። ከመሄዳችሁ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ተጀምሮ ከተመለሳችሁ በኋላ ሰባት ቀን ይወሰዳል። ለልጆች በክብደታቸው የሚለካ ትንሽ ኪኒን አለው። ዶክሲሳይክሊንም አለ፣ ለትንንሽ ልጆች ግን አይሆንም። ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ከጠረጠረች መጀመሪያ ይህን ለሐኪሙ ትናገር፣ ምርጫው ይለወጣል።

የጉዞ ክሊኒክ ቀጠሮ ከመሄዳችሁ ወር ቀደም ብላችሁ ያዙ። አጎበር አትርሱ፣ ማታ ማታ እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ። መድኃኒቱን እየወሰዳችሁም ቢሆን ካተኮሳችሁ በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ። ከተመለሳችሁም በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ትኩሳት ከመጣ የሚኔሶታው ሐኪም «ጉንፋን ነው» ከማለቱ በፊት «ጋምቤላ ነበርን፣ ወባ መርምሩን» በሉት። እነሱ ካልነገራችኋቸው አይጠረጥሩም።

የጋምቤላ_ልጅ (ሚኔሶታ)

ለባለቤቴ ክሩን ሰጠኋት፣ ራሷ አነበበችው። የጉዞ ክሊኒክ ቀጠሮ ይዛለች። ልጆቹ 14 እና 22 ኪሎ ናቸው፣ ክብደታቸውን አሁን መዝነን ጻፍነው። ማላሮን ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል ወይ?

ፋርማሲስቱ_ቨርጂኒያ

እንደ ኢንሹራንሱ ይለያያል። ማዘዣው ሲጻፍ የብራንዱን ሳይሆን ጄኔሪኩን፣ ማለትም ያለ ንግድ ስም የሚሸጠውን፣ በሉ፣ ዋጋው በጣም ይቀንሳል። መድኃኒቱን እዚሁ ገዝታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በየቀኑ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ይወሰዳል፣ በባዶ ሆድ በደንብ አይገባም። ልጆቹ መዋጥ ካቃታቸው ኪኒኑ ተፈጭቶ በወተት ይሰጣል። ከወሰዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሳቸው መጠኑ ይደገማል።